ከጎጆው ፊት የተቀመጠ ሰው፤ ስለ አንዲት ትንሽ የደን ወፍ የተጻፈ ታሪክ ሲመረመር

በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ አሌክሳንደር ስከች የተባለው የተፈጥሮ ተመራማሪ ስለ መካከለኛው አሜሪካ ወፎች አኗኗር ካዘጋጃቸው ሦስት ጥራዞች መካከል በ1960 የታተመውን ሁለተኛውን ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ጥራዙን በሙሉ መመርመር ከዐቅማችን በላይ ስለ ሆነ፣ ስለ አንዲት ወፍ ብቻ የተጻፈውን ክፍል መርጠናል። ይህን ክፍል የመረጥንበት ምክንያት የጸሐፊው ብርታትና ድካም በአንድነት የሚታይበት ሆኖ ስላገኘነው ነው።

ወፊቱ በሳይንስ ስሟ ሚዮኔክቴስ ኦሌያጊኔውስ ትባላለች። ስከች በጻፈበት ጊዜ ግን የወገን ስሟ ፒፕሮሞርፋ ነበር። የእንግሊዝኛ ስሟን ወደ ቋንቋችን ብንመልሰው «ሆደ ቡላ ዝንብ አዳኝ» ልንላት እንችላለን። ርዝመቷ 13 ሳንቲሜትር፣ ክብደቷም 12 ግራም ያህል ነው። ጀርባዋ እንደ ወይራ ቅጠል አረንጓዴ ሲሆን ሆዷ ቡላ ነው። ከደቡብ ሜክሲኮ ጀምሮ እስከ አማዞን ደንና እስከ ብራዚል ድረስ፣ እንዲሁም በትሪኒዳድና በቶቤጎ ደሴቶች ትኖራለች። ሌላ ምልክት ቢጠፋ እንኳ በአንድ ልማዷ ትታወቃለች፤ ይኸውም ቅርንጫፍ ላይ ዐርፋ ሳለች አንዱን ክንፏን ብቻ ብድግ አድርጋ ትመልሳለች፤ ቀጥሎም ሌላውን። ወንዱና ሴቲቱ በመልክ አይለዩም። ይህን የመጨረሻውን ነገር አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ስለ ጸሐፊው ጥቂት ማለት ይገባል። ስከች በ1904 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ተወለደ። በመጀመሪያ የተማረው ስለ ዕፅዋት ነበር፤ በ1928ም በዚሁ ትምህርት የዶክተርነት ማዕርግ አገኘ። ወደ ፓናማ የሄደው የሙዝን ተክል ለማጥናት ሲሆን፣ ከሥራ ቤቱ መስኮት አጠገብ አንዲት አበባ ቀሳሚ ወፍ ጎጆዋን ስትሠራ አይቶ ልቡ ወደ ወፎች ዞረ። ከዚያ በኋላ ለቤተ መዘክሮች ዕፅዋት እየሰበሰበ በሚያገኘው ገንዘብ ወፎችን አጠና። በ1941 በኮስታ ሪካ በኤል ሄነራል ሸለቆ የእርሻ ቦታ ገዝቶ «ሎስ ኩሲንጎስ» ብሎ ሰየመው። መቶ ዓመት ሊሞላው ስምንት ቀን ሲቀረው በ2004 እስከ ሞተ ድረስም በዚያው ኖረ።

በእርሱ ዘመን ስለ ሞቃት አገር ወፎች የሚታወቀው በአብዛኛው ከሙት ወፍ የተገኘ ነበር። ወፏ በጥይት ትወድቃለች፤ ቆዳዋ በጥጥ ተሞልቶ በመሳቢያ ይቀመጣል፤ የክንፏና የምንቃሯ ልክ ይጻፋል። ስከች ይህን መንገድ አልወደደውም። ከጎጆው ፊት ለፊት ራቅ ብሎ ይቀመጥና ከማለዳ ጀምሮ ማን እንደ ገባ፣ ማን እንደ ወጣ፣ በስንት ደቂቃ እንደ ተመለሰ ይጽፋል። የሆደ ቡላም ታሪክ የተገኘው በዚህ ዓይነት ትዕግሥት ነው።

ይህ ታሪክ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጎጆዋ አንገቷ የቀጠነ ቅል ትመስላለች። ብዙ ጊዜ በምንጭ ወይም በጅረት አጠገብ፣ ከቀጭን ሐረግ ወይም ከተንጠለጠለ ሥር ላይ ትታሰራለች። ከውጭ በእርጥብ ግንድ ላይ በሚበቅል አረንጓዴ ሽበት ስለምትሸፈን፣ የማያውቅ ሰው ሲያያት ሽበት የተጠመጠመበት ሐረግ እንጂ ቤት አትመስለውም። መግቢያዋ በጎኗ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ነጫጭ ዕንቁላሎች ይጣሉባታል፤ ጫጩቶቹም ከ19 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። ለዚህች ለምታህል ትንሽ ወፍ ይህ ረጅም ጊዜ ነው። ጎጆውን የምትሠራው፣ ዕንቁላሉን የምትታቀፈው፣ ጫጩቶቹንም የምትመግበው ሴቲቱ ብቻዋን ናት። ወንዱ ከጎጆው ርቆ በደኑ ውስጥ በአንድ ሥፍራ ሆኖ የቀኑን ብዙ ክፍል ይዘፍናል።

የክፍሉን መልካምነት አስቀድመን እንመስክር። ከዚህ በፊት የዚህች ወፍ ኑሮ እንዲህ ባለ ሙላት ተጽፎ አናውቅም። ጽሑፉ ግልጽ ነው፤ አንባቢውን ከደኑ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል። ያልታየውንም እንደ ታየ አድርጎ አይናገርም። አሁን የምናቀርባቸው ተቃውሞዎች እንግዲህ የሚነሡት ከአክብሮት ጋር ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሟችን ከስሙ ይነሣል። ሊክተንስታይን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1823 ወፊቱን ለሳይንስ ሲያስተዋውቅ ሙሲካፓ ከሚባለው ወገን አገባት፤ ይህም የእኛን አህጉርና የአውሮፓን ዝንብ አዳኞች የሚይዝ ወገን ነው። ኋላ ግን የአሜሪካኖቹ ዝንብ አዳኞች ቲራኒዴ የሚባል የራሳቸው ቤተ ሰብ እንዳላቸው፣ ከኛዎቹም ጋር የሥጋ ዝምድናቸው የራቀ መሆኑ ታወቀ። ከአራት መቶ በላይ ዓይነቶች ያሉት ይህ ቤተ ሰብ በወፎች መካከል እጅግ ትልቁ ነው። የወገን ስሙ ቢስተካከልም «ዝንብ አዳኝ» የሚለው የተለመደው መጠሪያ ግን ሳይለወጥ ቀረ። ታዲያ ይህች «ዝንብ አዳኝ» ምን ትበላለች? ነፍሳትንና ሸረሪትን ትለቅማለች፤ ዋናው ምግቧ ግን ፍራፍሬ ነው። የተቀጽላ ፍሬና ዘራቸው በሥጋማ ልባስ የተሸፈነ የደን ፍሬዎችን ትወዳለች። ስከች ይህን አይቷል፤ ጽፏልም። ቅር ያሰኘን፣ ምግቡ በአንድ ዐምድ፣ ጎጆው በሌላ ዐምድ፣ ዘፈኑም በሦስተኛ ዐምድ ተቀምጦ፣ አንዱ የሌላው ምክንያት ሊሆን ይችል እንደ ሆነ ያልተጠየቀ መስሎ ስለ ታየን ነው። የሕይወት ታሪክ በክፍል በክፍል ሲጻፍ ይህ አደጋ አለበት፤ ክፍሎቹ ይሞላሉ፣ ማሠሪያው ግን ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመለከተው የማስረጃውን ጥንካሬ ነው። ወንዱና ሴቲቱ በመልክ አንድ ከሆኑ፣ ወደ ጎጆው የምትገባው ወፍ ሴቲቱ ብቻ መሆኗ በምን ታወቀ? ተመልካቹ አንዲት ወፍ ስትወጣና አንዲት ወፍ ስትገባ ያያል። ሁለት ወፎች በአንድነት ሲመጡ ካላየ፣ ያየው ሁሉ አንዲቱን እንደ ሆነ ይገምታል። ግምቱ ብልህ ነው፤ ቢሆንም ግምት ነው። ወፎችን በቀጭን መረብ ይዞ በእግራቸው ላይ ባለ ቀለም ቀለበት ማሰር የስከች መንገድ አልነበረም፤ ወፊቱን የሚያስደነግጥ ነገር ይጠላ ነበርና።

ይህን ተቃውሞ በመጀመሪያ ስንጽፈው እጅግ በድፍረት ነበር። «ቁጥር የሌለው፣ ምልክት የሌለው ትዕግሥት ብቻውን ሳይንስ አይሆንም» እስከ ማለት ደርሰን ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ራሳችን ሞክረን ሳናየው መፍረድ ነውር መሆኑ ስለ ተሰማን፣ በግቢያችን ውስጥ በወይራ ዛፍ ባላ ላይ ጎጆ ከሠሩ ሁለት ወፎች ፊት ሦስት ማለዳ ተቀመጥን። እነዚህ በሳይንስ ስማቸው ቴርፕሲፎኔ ቪሪዲስ የሚባሉት፣ ወንዱ ረጅም ጅራት የሚያወጣው፣ በአዲስ አበባ የአትክልት ሥፍራዎችም የሚታዩት ዝንብ አዳኞች ናቸው። ጎጆአቸው ከስኒ የማትበልጥ፣ በሸረሪት ድር የተጠፈረች፣ በዛፍ ሽበት ያጌጠች ናት።

ከዚህ ሁለት ነገር ተማርን። አንደኛው ስለ ራሳችን ነው። በመጀመሪያው ማለዳ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ዐይናችን ተቅበዘበዘ፤ አንዱ ከአጠገቡ ሲያወራ፣ ሌላው ሲያዛጋ፣ ወፊቱ መቼ እንደ ወጣች ማንም ሳያይ ቀረ። በማስታወሻችን ላይ «ወጣች» የሚል ሳይኖር ሁለት ጊዜ «ገባች» የሚል ተጽፎ ተገኘ። ስከች ይህን ሥራ ከሠላሳ ዓመት በላይ ብቻውን፣ ትንኝና ዝናብ ባለበት ደን ውስጥ መሥራቱን ስናስብ ድፍረታችን ቀነሰ።

ሁለተኛው ስለ ወፎቹ ነው። በእነዚህ ወፎች ዘንድ ወንዱና ሴቲቱ ሁለቱም ይታቀፋሉ። ይህን ለማወቅ ቀለበት አላስፈለገንም፤ የወንዱ ጅራት ከጎጆዋ ውጭ ተንጠልጥሎ ይታያልና። የእኛ ወፍ ምልክቱን በጅራቱ ይዞ ይዞራል። የስከች ወፍ ግን እንዲህ ያለ ምልክት የላትም። ስለዚህ እኛ በቀላሉ ያገኘነውን እርሱ ብዙ ደክሞም በእርግጥ ሊያገኘው የማይችለው ነበር። የተቃውሟችን ፍሬ ነገር እንግዲህ አልተለወጠም፤ አነጋገራችን ግን ተለውጧል። ጉድለቱ በሰውዬው ትጋት ላይ አይደለም። ዐይን ብቻውን ሊለየው የማይችለው ነገር ስላለ ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ተቃውሞ የተቀመጠበትን ሥፍራ የሚመለከት ነው። ከጎጆው ፊት የተቀመጠ ሰው በጎጆው የሚሆነውን ያያል። ከዚያ የሌለው ወንድ ለእርሱ «የሌለ» ነው። አንባቢም ይህን ሲያነብ ወዲያው ይፈርዳል። እኛ ራሳችን ስናነበው «እናት ትለፋለች፣ አባወራው ቤቱን ጥሎ ይዘፍናል» ብለን ሳቅን። ነገር ግን ወንዱ ምን እንደማያደርግ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ደግሞ ሌላ ነው።

ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ዋና ጉዳያቸው አድርገው የተነሡት ባልና ሚስቱ ዴቪድ ስኖውና ባርባራ ስኖው ናቸው። በትሪኒዳድ ደሴት ያጠኑትን በ1979 ሲያሳትሙ፣ የሆደ ቡላን ወንዶች ከጎጆው ሳይሆን ከሚዘፍኑበት ሥፍራ አንጻር ተመለከቷቸው። ከወንዶቹ ብዙዎቹ አንዱ የሌላውን ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ላይ፣ እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይዞ ይዘፍናሉ። ሴቲቱ ወደዚህ የዘፈን አደባባይ መጥታ ትመርጣለች፤ ከተገናኙም በኋላ ተመልሳ ብቻዋን ጎጆዋን ትሠራለች። እንዲህ ያለው ልማድ በይበልጥ የሚታወቀው ፍራፍሬ በሚበሉት፣ ፒፕራ በሚባለው ወገን በሚጠሩት ደማቅ ቀለም ባላቸው ትንንሽ ወፎች ዘንድ ነው። ፒፕሮሞርፋ የሚለው አሮጌ ስም ትርጉሙ «ፒፕራን የመሰለ» ማለት መሆኑን ስናስብ፣ ስም ሰጪዎቹ ስለ መልክ ሲናገሩ ሳያውቁት ኑሮንም የተናገሩ ይመስላል።

እዚህ ላይ ነው ፍራፍሬው ትርጉም የሚያገኘው። ፍራፍሬ በወቅቱ ብዙ ነው፤ አያመልጥም፤ እንደ ነፍሳት ሲያሳድዱት አይውሉም። ስለዚህ ወንዱ በጥቂት ጊዜ ጠግቦ ቀኑን ለዘፈን ሊያውለው ይችላል። ሴቲቱም ብቻዋን ጥቂት ጫጩቶችን ልትመግብ ትችላለች። እንግዲህ ምግቡ፣ ጎጆውና ዘፈኑ ሦስት ልዩ ልዩ ዐምዶች ሳይሆኑ አንድ ነገር ናቸው።

ከዚህ በኋላ ዌስትኮትና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች በኮስታ ሪካ፣ በኮርኮቫዶ ብሔራዊ ፓርክ ወፎቹን ምልክት እያደረጉ አጥንተው በ1994 አሳተሙ። ያገኙትም ወንዶቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ኑሮ እንደሌላቸው ነው። የራሳቸው መዝፈኛ ሥፍራ ያላቸው አሉ፤ ሥፍራ ሳይኖራቸው በሌላው ሥፍራ አጠገብ የሚቆዩ አሉ፤ አንድም ቦታ ሳይዙ የሚዞሩ አሉ። ዘፈን እየሰማ ወንዶችን የሚቆጥር ሰው፣ ጆሮው ምንም ያህል የሠለጠነ ቢሆን፣ ከእነዚህ ብዙዎቹን ሊያገኛቸው አይችልም። ስለዚህ «ወንዱ ይዘፍናል» የሚለው ዐረፍተ ነገር እንኳ ሙሉ እውነት ሆኖ አልተገኘም። እውነቱ «ሥፍራ ያገኘው ወንድ ይዘፍናል» የሚል ነው።

እስከዚህ ያነበበ ሰው ስከችን ያለፈበት ሰው ነው ብለን የምንደመድም ሊመስለው ይችላል። ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። የስኖዎች አሳብ ከሚያርፍባቸው ምሰሶዎች አንዱን ያቆመው ራሱ ስከች ነው። በዚያ ዘመን ዴቪድ ላክ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ፣ ወፎች የሚጥሉት ዕንቁላል ብዛት የሚወሰነው ወላጆች ሊመግቡ በሚችሉት ልክ ነው ይል ነበር። ስከች በ1949 «አይቢስ» በተባለው መጽሔት ላይ ተቃወመ። የሞቃት አገር ወፎች ሊመግቡ የሚችሉትን ያህል እንኳ አይወልዱም፤ ወላጆች ወደ ጎጆው በተመላለሱ ቁጥር እባቡና ሌላው ዘራፊ ጎጆውን ያውቅባቸዋልና፣ አለ። ይህን አሳብ ያገኘው ከጎጆ ፊት ተቀምጦ መመላለሱን በደቂቃ የቆጠረ ሰው በመሆኑ ነው። በመሳቢያ ካለ ቆዳ ይህ አሳብ ሊገኝ አይችልም ነበር። ማርቲንና ባልደረቦቹ በአሪዞና መርምረው በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የጎጆው ሥፍራ ራሱ የሚያመጣው ልዩነት ተለይቶ ሲወጣ፣ የወላጆች መመላለስ አደጋን እንደሚጨምር አሳይተዋል።

ይህንን ወደ ሆደ ቡላ ስንመልሰው ፍርዳችን ይገለበጣል። ጎጆዋ ሽበት የተጠመጠመበት ሐረግ እንድትመስል ተደርጋ ተሠርታለች። በዚያ ሁለት ወፎች ቢመላለሱ ከአንዲት ይልቅ ይታወቃሉ። እንግዲህ የቀረው አባት በመቅረቱ ጎጆውን ይጎዳል ወይስ ይጠብቀዋል? «ቤቱን ጥሎ የሚዘፍን» ብለን የሳቅንበት ወንድ ምናልባት በመራቁ ከሚጎዳው የሚጠቅመው ይበልጥ ይሆናል። ስከች ለዚህ መልስ የሚያስፈልገውን አሳብ ይህ ጥራዝ ከመታተሙ ከዐሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ በእጁ ይዞ ነበር። እኛ የምንቆጨው በጥራዙ ውስጥ ይህ አሳብና ይህች ወፍ ጐን ለጐን ቆመው በግልጽ ሲነጋገሩ ባለማግኘታችን ነው።

አራተኛው ተቃውሞ አጭር ነው፤ ግን ልንዘለው አልፈቀድንም። ስከች ወፎቹን ይወድ ነበር፤ ጎጆ የሚዘርፍ እባብ በእርሻው ሲያገኝ ዝም ብሎ አያልፍም፤ የሚገድልበትም ጊዜ ነበር። እንደ ሰው ስናየው ይህን መውቀስ ያስቸግረናል። ሳምንታት ሙሉ የጠበቁት ጎጆ በዐይን ፊት ሲበላ ዝም ብሎ መጻፍ ቀላል አይደለም። ቢሆንም የስከች ትልቁ አሳብ በጎጆ ዘራፊዎች ላይ የቆመ ነው። የዘራፊውን ኀይል የሚመዝን ሰው ከዘራፊውና ከተዘራፊው መካከል ገብቶ ከተከላከለ፣ ሚዛኑን በእጁ ይነካል። አንድ ሰው ዳኛም ተከራካሪም ሊሆን አይገባውም። ቢያንስ በየትኛው ጎጆ ላይ ጣልቃ እንደ ገባና በየትኛው እንዳልገባ ከእያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ ሊጻፍ ይገባል እንላለን።

እንግዲህ ጠቅላላ ፍርዳችን ምንድን ነው? መጽሐፉ ያረጀው በመልሶቹ ነው፤ በማስረጃዎቹ አላረጀም። ስከች በ1989 ከስታይልስ ጋር ሆኖ የኮስታ ሪካን ወፎች መለያ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ በየወፉ ሥር የሰፈረው አጭር የኑሮ መግለጫ ብዙው የተገኘው ከዚያ የረጅም ጊዜ መቀመጥ ነው። ስኖዎች ሲጠይቁ፣ ዌስትኮትና ስሚዝ ምልክት ሲያደርጉ፣ ማርቲን ሲፈትን፣ ሁሉም የተነሡት ከጎጆው ፊት ከተቀመጠው ሰው ነው። እኛ «ይህ ሳይንስ አይሆንም» ለማለት ተነሥተን ነበር። አሁን የምንለው «ይህ ካልቀደመ ሳይንሱ የሚጠይቀው አያገኝም» ነው።

ለተማሪ አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ጨምረን እናብቃ። በአገራችን ደጋ ደኖች የሚኖር፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በሌላ አገር የማይገኝ አንድ ጠይም ዝንብ አዳኝ አለ፤ ሜሌኖርኒስ ቾኮላቲኑስ ይባላል። ስለ መልኩና ስለሚገኝበት ሥፍራ የሚናገሩ መጻሕፍት አሉን። የጎጆውን ቀንና ሌሊት ለማወቅ የሚሻ ግን ከዛፍ ሥር መቀመጥ ይኖርበታል። ሲቀመጥም የአሜሪካይቱን ወፍ ሕግ ይዞ እንዳይሄድ እንመክረዋለን፤ ወፍ እንዳገሩ ይጮኻልና። ይዞ የሚሄደው ሰዓት፣ ደብተርና፣ «በዚህ ያላየሁት የት ነው ያለው?» የሚለውን ጥያቄ ይሁን። ከተቻለም ከጓደኛው ጋር አያውራ።